በአጥር የገባ ንባብ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የንባብ ፈታኝ ሆኜ በገባሁበት ቀን አስተባባሪያችን ሙሉጌታ አንዲት ገጽ ሰጠኝ። ጠፍቶ ስለተገኘ ቀይ በሬ የምታወራ አጭር ጽሑፍ ናት። ትምህርት ቤት ያላገኙትን ልጆች እናቶቻቸው ቤት ያስተምራሉ፤ እኔ በየሳምንቱ እየዞርኩ ማንበባቸውን አያለሁ፣ የጎደለውን አሳያለሁ። ያለፈ ልጅ የተሰጠውን የፊደል መጽሐፍ ለሌላ ይለቃል፤ እኔም ከዚያ ቤት እቀራለሁ።

«ለሁሉም ይችው አንዷ?» አልኩት።

«ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ነዋ፣ መምህርት። ለሁሉም እኩል ትሁን።»

መተማ ላይ አንደኛ ክፍል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። «ኧረ ይሄ ነገር አያዋጣም» ስለው ፈገግ ብሎ ስልኩን አነሳ።

እኔ ስፈትን ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ጣቱን ከቃሉ ሥር እንዲያስኬድ አደርጋለሁ። የምከታተለው ዓይኑንና ጣቱን ነው። አፍ ያታልላል።

የእኛ ሰዎች የሚኖሩበት ግቢ፣ እዚህ ሆሽ የሚሉት፣ በማሽላ አገዳ አጥር የተከፋፈለ ነው። አንዱ ቤት ያስነጠሰውን ሰው ጎረቤቱ «ይማርህ» ይለዋል። ልጅ ደግሞ በእኛ ልማድ የሚማረው ጮክ ብሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ የሆሹ ልጅ ሁሉ ቀዩን በሬ እንደ ጉድ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ የፈተንኩት ልጅ አንድ መስመር ዘሎ ነበር። ቀሪዎቹም ያችኑ መስመር ዘለሏት። ደሜ ፈላ።

«በአጥር እየሰሙ ነው የሚሉት!» አልኩት ሙሉጌታን።

«ውጤቱ አምሯል፤ ምን ያናድድዎታል?» አለኝ።

አንድ ቀን ፎቶ ሊያነሳ አብሮኝ ወርቄ ቤት መጣ። ወርቄ ሰሊጥ ስታበጥር ውላ ማታ ልጇን ሐናን የምታስተምር ሴት ናት። እሷም ፊደሉን በቅጡ አልዘለቀችውም። ሐና «አለፈች» ተብላ እኔ ከቀረሁ፣ የሚያስተምራት ሰው አይኖርም።

ሐና ገጹን ይዛ ሳትተነፍስ አነበነበችው። ያችን መስመር እሷም ዘለለቻት። ሙሉጌታ አጨበጨበ፤ «አልፋለች!»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ገጹን ከእጇ ነጠቅኩት። ልጅቱ ቆም እንኳ አላለችም፤ ባዶ መዳፏን እያየች በሬውን ቤቱ አደረሰችው።

«ጎበዝ! በቃሏም ይዛዋለች እኮ!» አለ ሙሉጌታ።

«በቃሏ ብቻ ነው የያዘችው፣ አንተ ሰው!» ብዬ ጮኽኩበት። መሬቱ ላይ በጣቴ «በሬ» ብዬ ጻፍኩ። «ሐናዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እናቷን አየች፣ እኔን አየች። «ኡስታዛ፣ ይሄኛውን ማንም አላነበበልኝም» አለች።

ወርቄ ፊቷ ጠቆረ። «እኔ እኮ እልል ልል ነበር!» አለችው ሙሉጌታን። «ልጄን መሃይም አድርገህ ልትተዋት ነው?»

«ውጤቱ እኮ አንዴ ከተመዘገበ…»

«ውጤትህን ገደል ክተተው!» አልኩት። «ሐናን አላሳልፍም። ከፈለግህ ሌላ ፈታኝ ፈልግ።»

በእኔ ቦታ የሚዞር ፈታኝ አላገኘም መሰለኝ፣ አላባረረኝም። ከዚያ ወዲህ ለየቤቱ የተለያየ ገጽ በእጄ ጽፌ መዞር ጀመርኩ። ሐናንም ከፊደል ጀመርናት።

ክረምቱ ሲያልቅ አይታው የማታውቀውን ገጽ ሰጠኋት። ግንባሯን ቋጥራ ጣቷን አስኬደች። «አ… ን… በ…» ተሳሳተች፣ ተመለሰች፣ ላብ በላብ ሆነች። «አንበጣ!» አለች። ወርቄ ያቺን የቆየች እልልታ ያኔ አቀለጠቻት።

ለአዲስ ፈታኞች የምለው ይህን ነው። በየቤቱ ገጽ ቀይሩ። ጀማሪ ልጅ ሳይደናቀፍ ካነበበላችሁ ገጹን ከእጁ ንጠቁት።