የዋርሳዬ አደራና የመኪናዬ ፍሬን

የበደለኝ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ጦርነቱ አልፎ መንገዱ እንደገና በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ መርሳ ላይ፣ በገዛ ግቢው፣ ሽማግሌ ፊት ነው። ቀኑን እንድረሳው የለመኑኝ ሰዎች አሉ። አልረሳሁትም።

ያለው ይህን ነው፦ «ወንድሜ ሊሞት ሲል መኪናዋን አደራ ብሎኛል። እትዬ እንደሁ ፍሬንና የድስት ክዳን አይለዩም።»

ባሌ ሊሞት ሲል አጠገቡ የነበርሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የተናገረው «ውሃ ስጡኝ» እና «መስኮቱን ክፈቱ» የሚል ብቻ ነው። ዋርሳዬ የደረሰው በአራተኛው ቀን፣ ለቀብር ነው።

መኪናዋ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏት ዓይነት ናት። ባሌ መምህርነቱን ትቶ ጡረታ ሲወጣ ገዛት፤ ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ደግሞ እኔ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ። ቀስ ስትል ሞተሯ ስለማይሰማ ወልድያ ውስጥ ስንቱን ባጃጅ ነጂ አስደንግጫለሁ። ዋርሳዬ ከመጀመሪያው ንቋት ነበር። ዕድሜውን የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነውና «መኪና ካልጮኸች ነፍስ የላትም» ይል ነበር። ወንድሙ ከሞተ በኋላ ግን ነፍስ እንዳላት ታየው።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲጠጋ ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር፤ እኔም ወረድሁ። ነዳጄ ያደረሰኝ መርሳ ድረስ ስለሆነ ዋርሳዬ ቤት ገባሁ። ጦርነቱም ተከትሎኝ ገባ። መኪና የሚወሰድበት ጊዜ ነበርና እኔና የዋርሳዬ ሚስት መኪናዋን ጓሮ አስገብተን የማሽላ አገዳ ከመርንባት፤ ከክምሩ ጥግም ፍየል አሰርን። ፍየል የታሰረበትን ክምር የሚጠረጥር የለም ብለን ነው። ወታደሮች ሁለት ጊዜ መጥተው ክምሩን አይተውታል። በመጀመሪያው ፍየሏን ወሰዱ። ሌላ ፍየል አሰርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋርሳዬ የት እንደነበረ እዚህ አልጽፍም። አልጋ ሥር ነበር።

መንገዱ ሲከፈት አገዳውን አነሣን። ዶሮ ከኋላ ጎማው ሥር ጫጩት ፈልፍላ ቆየችን። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ወራት ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የቆየው የፊት ፍሬን ዝጎ ተጣብቋል፤ ሸራውም አልቋል። ሸራ የምለው ጎማው የሚዞርበትን ዲስክ ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚያቆመውን ቁራጭ ነው። አዲስ ሸራ ነበረኝ። ባሌ ገዝቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ መቀመጫ ሥር አስቀምጦት ሞቷል። «እኔው እቀይረዋለሁ» አልሁ። ዋርሳዬ ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ የጠራውና አደራውን ያወጣው።

ሽማግሌው የሰፈሩ ሼህ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለታችንንም ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ ልጄ፣ ሥሪያት። ስትጨርሺ ከዚህ ቁልቁለት ትወርጂና እኔ ባልሁሽ ቦታ ታቆሚያለሽ። ካቆመች ይዘሻት ትሄጃለሽ። ካላቆመች ለሱ ትቀራለች።»

«ሼህ፣ ካላቆመች እኮ የሚያቆመኝ ከግርጌ ያለው የጎተራው ግድግዳ ነው።»

«እሱንም አስቤበታለሁ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ጀመርሁ። ሼሁ ማንጎው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ ሊመለከቱ ነው። ዋርሳዬም ቆሞ ሊስቅ መጣ።

ባሌ ፍሬን ሲሠራ ለዓመታት ቁልፍና ፒንሳ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ያደርግ ነበር። አንደኛ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ያስደብቀኛል፤ እኔም ሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ እከተዋለሁ። ሁለተኛ፣ ከኋላ ሻንጣ ቤቱ ውስጥ ካለው ትንሹ ባትሪ ሽቦ ይነቅላል። ይህች መኪና የሹፌሩ በር በተከፈተ ቁጥር ሊነዱኝ ነው ብላ ፍሬኗን በራሷ ታዘጋጃለች፤ ሸራው ወልቆ ሳለ ይህን ካደረገች ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ተተኩሶ ይወጣል፣ ዘይቱም ይፈሳል። ሦስተኛ፣ ምናልባት ብሎ በፒስቶኑ ፊት እንጨት ይሸጉጣል። «ሰው መቼም ሰው ነው» ይል ነበር። አሁን ሳስበው ወንድሙን ማለቱ ነው።

ሦስቱንም አደረግሁ። ትንሹ ባትሪ ሞቶ ስለነበር ሽማግሌ ከመጠራቱ በፊት ከቤቱ ሶላር ላይ ሁለት ቀን ሞልቼዋለሁ፤ ሽቦውን ነቅዬ ሻንጣ ቤቱን ክፍት ተውሁት። በክሪክ አነሣሁ፤ ጎማውን ፈታሁ። የዛገውን ብሎን በመዶሻ ስመታው ዋርሳዬ «ቀስ! እንቁላል አይደለም የሚጠበስ» አለኝ። እንቁላልን በመዶሻ ማን እንደሚጠብስ አልጠየቅሁትም። ያለቀውን ሸራ አወጣሁና ዝገቱን የማጥብበት ላምባ ፍለጋ ወደ ቤት ገባሁ።

ዋርሳዬ ዜና ወዳድ ነው። የራዲዮ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቶ ወራት ዜና ሳይሰማ ከርሟል። የመኪናዋ ባትሪ መሙላቱን ደግሞ አይቷል። እኔ ስገባ የመኪናዋን ራዲዮ ሊከፍት ወደ ሻንጣ ቤቱ ሄዶ ሽቦውን መልሶ ሰካ፤ መኪናዋ ስላልጮኸች ተኝታለች ብሎ የሹፌሩን በር ከፈተ።

መኪናዋ ከሥሯ «ዝዝዝዝዝ» አለች።

«ድሮን!» ብሎ ጮኸ።

በዚያ ዓመት መርሳ ባለችበት በሀብሩ ምድር ይህን ቃል ሰምቶ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ድስቱን ጥላ ከግድግዳ ሥር ተኛች። እኔ ላምባዬን አቅፌ በሩ ላይ ቁጢጥ አልሁ። ዋርሳዬ በራሱ ተወርውሮ አገዳው ውስጥ ገባ፤ ከውጭ የቀረው አንድ እግር ብቻ ነበር። ሼሁ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። በኋላ ሰዎች ድፍረታቸውን ሲያደንቁ «ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ እኔም እሄድ ነበር» አሉ።

ድሮን አለመሆኑን የነቃሁት የመኪናዋን ድምፅ ስለማውቀው ነው። ሄጄ ሽቦውን ነቀልሁ። ጸጥ አለ።

«ሄደ?» አለ ዋርሳዬ ከአገዳው ውስጥ።

«ሄደ።»

«በየት በኩል?»

«በባትሪው በኩል።»

ሚስቱ ከወደቀችበት ቀና አለች። «አንተ ሰው፣ ውጣ እንጂ! ፍየሏ እግርህን እየላሰችው ነው።»

ወጣ። ጆሮው ላይ የአገዳ ቅጠል ነበረበት፤ ማንም አልነገረውም። ሼሁ ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህቺ መኪና አደራህ ናት አይደል?»

«አዎን ሼህ።»

«ወንድምህ በሯን ስትከፍት እንዲህ እንደምትል አልነገረህም?»

«አደራ ሲለኝ… ስለ ድምፅ አላነሣም።»

«ስለ ምን አነሣ ታዲያ?»

ዋርሳዬ ቅጠሉን ከጆሮው ላይ አገኘው፤ እሱን ሲያገላብጥ ቆየ። እኔ ጎንበስ ብዬ ፒስቶኑን አየሁ። ወጥቶ ወጥቶ እንጨቱ ጋ ቆሟል፤ እንጨቱ ላይ ክብ ምልክት ትቷል። ዘይት አልፈሰሰም። በትልቁ ፒንሳ ቀስ አድርጌ መለስሁት፤ አዲሱን ሸራ አስገባሁ፤ ሌላውንም ጎማ እንዲሁ። እስከ ከሰዓት ድረስ ወሰደብኝ። ዋርሳዬ ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ሼሁ ፍርዳቸውን ይተዉታል ብዬ ነበር። «ቃል ቃል ነው» አሉና ተነሥተው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከጎተራው ፊት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። «የአባቴ ነው» አሉኝ። «እንግዲህ ከሱ ወዲህ ቁሚ።»

የባትሪውን ሽቦ መልሼ ሰካሁ፤ ቁልፉን ከሽሮው አወጣሁ። ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋግሜ ረገጥሁት። ከዚያ ለቀቅሁ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ወረደች። መጀመሪያ ስረግጥ ዝገቱ ፈጨና እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ አልያዘም። ጎተራው ትልቅ እየሆነ መጣ። የዋርሳዬ ፊት ሲበራ በመስታወቱ አየሁት፤ ይህንንም አልረሳሁትም። ሁለተኛ ረገጥሁ። ያዘ።

ሼሁ ጎንበስ ብለው ከጎማው እስከ ከዘራው በእጃቸው ለኩ። አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት።

«ከዘራዬ ተርፏል» አሉ። «ሂጂ ልጄ፤ አላህ በሰላም ያግባሽ።»

ከገበያ በጠርሙስ የገዛሁትን ቤንዚን ሞልቼ፣ ጓዜን ጭኜ መሪው ላይ ስቀመጥ ዋርሳዬ መስኮቱ ጋ መጣ። «እትዬ፣ እኔም ወልድያ ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ።»

«ነፍስ የላትም» አልሁትና መስታወቱን ዘጋሁ።

ሲሪንቃ ስደርስ ፍሬኑን እንደገና ፈተንሁት። ያዘ። ወልድያ ገብቼ መኪናዋን ግቢ አስገባሁ፤ ቁልፉን ሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ መለስሁት። በዓመቱ ዋርሳዬ ልጁን ሲድር መኪናዋን ለሙሽሮቹ እንድሰጥ ሰው ላከብኝ። ፍሬን የላትም ብዬ መለስሁለት። ሰርጉ ላይ በሚኒባስ ሄጄ በልቼ ተመለስሁ።