የጮኸው በር
ደሴ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ፣ ሳይመዘገብ የሚወጣ መጽሐፍ ሲያልፍ የሚጮህ ማሽን ከተተከለ ወዲህ እኔ መጽሐፍ መስጠቱን ትቼ ሰው ጠባቂ ሆኛለሁ። በቀደም ከኮምቦልቻ እየመጡ ታሪክ የሚያነቡ አንድ ሐጂ ለሶላት ሲነሡ፣ እኔም ምሳ ልበላ ከኋላቸው ተከተልኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ማሽኑ ጮኸ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ፣ የያዙትን ያሳዩኝ» አልኳቸው። አንባቢው ሁሉ ቀና አለ።

«ወላሂ ምንም አልያዝኩም፣ ልጄ።»

«ማሽን አይዋሽም!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ኮታቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን፣ መፋቂያቸውን፣ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ኪሳቸውን ገልብጬ ሳይቀር አየሁ፤ ምንም የለም።

ዕቃቸውን ሰብስበው፣ ኮታቸውን ለብሰው በበሩ አለፉ። ማሽኑ ዝም አለ።

ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ተከትያቸው ስሮጥ ማሽኑ ጩኸቱን አቀለጠው። ለካስ ምሳ ሰዓት ላይ ላነበው ሳልመዘግብ ያነሣሁት ልቦለድ ብብቴ ሥር ነበር።

ሐጂ ዞር ብለው አዩኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ አልፈትሽሽም።»