ማንም ያላሸነፈበት ቅዳሜ

ዌንደል ስታውፈር በየዓመቱ በኳስ ሜዳ ሁለት ወንበር ይይዛል። አንዱ የራሱ ነው። ሌላው የታላቅ ወንድሙ የሜርል ነው፤ ሜርል ግን እስከ ዘንድሮ አንድም ቀን መጥቶ አልተቀመጠበትም።

በዚያች ትንሽ የኦሃዮ ከተማ ሦስት የእግር ኳስ ክለቦች ተቋቁመው ሦስቱም ፈርሰዋል። ዌንደል የሦስቱንም ሻርፕ ገዝቶ ነበር፤ ዛሬ መኪና ይወለውልባቸዋል። አራተኛው ክለብ ሲመጣ በመስታወት ፋብሪካ አብረውት የሠሩ የድሮ ባልደረቦቹ «ደሞ ጀመረህ?» ብለው ሳቁበት። አብሯቸው ሳቀ። መከራከር ከሰለቸው ቆይቷል።

ጨዋታውን የወደደው በወጣትነቱ፣ ወታደር ሆኖ ጀርመን ሳለ ነው። ዝናብ እየመታቸው ከሚዘምሩ ሰዎች መሃል ቆሞ፣ ቃሉን ሳያውቀው አብሮ ሲጮህ፣ «ምነው ሜርል ይህን ባየ» ብሎ ተመኘ። እሱ አረጀ፤ ምኞቱ ግን አልለቀቀውም።

ወንድማማቾቹ የሚገናኙት እሁድ እሁድ፣ በሜርል ሳሎን፣ የአገራቸውን ፉትቦል፣ ያን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን ጨዋታ ለማየት ነው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ የቀብሩን ጉዳይ የተነጋገሩት በጨዋታው ማስታወቂያዎች መሃል ነበር።

በመስከረም፣ ሜርል የሚደግፈው የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን በማይጫወትበት ቅዳሜ፣ ሜርል በመጨረሻ እሺ አለ።

«ከወደድኩት ዓመቱን ሙሉ አብሬህ እመጣለሁ። ካልወደድኩት ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

ክለቡ የሚጫወተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ከእግር ኳሱ ቢጫ መስመሮች ሥር የፉትቦሉ ነጭ መስመሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«ሜዳው እንኳ የኛ ነው» አለ ሜርል ገና ሳይቀመጥ። «ተከራይ ናችሁ።»

ጨዋታው ተጀመረ። ሜርል ሆትዶጉን ገመጠና «ስማ፣ ይሄ ጉልበቴ እኮ…» ሲል ዌንደል ክንዱን ያዘው።

«ቆይ፣ ቆይ። የማዕዘን ምት ነው።»

ኳሷ ወጣች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ሜርል የውጤት ሰሌዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ።

«ለምንድን ነው ወደ ላይ የሚቆጥረው? ስንት እንደቀረኝ በምን ልወቅ?»

«ዳኛው ያውቃል።»

«ለራሱ ብቻ? ጥሩ። መቼ ነው የሚያቆሙት?»

«ከእረፍቱ በቀር አያቆሙም።»

«ታዲያ ሰው መቼ ያወራል?»

እረፍቱን ሜርል ሁለተኛ ሆትዶግ ለመግዛት ተሰልፎ ጨረሰው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አጥቂው ከሩቅ መታ፤ ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች። ዌንደል ብድግ አለ። ሜርል ሸሚዙ ላይ የፈሰሰ ሰናፍጭ እየጠረገ ነበር።

«ምን ሆነ?»

«አለፈህ።»

ፊሽካው ተነፋ። ዜሮ ለዜሮ። ጥቂቱ ተመልካች ጃኬቱን እየሰበሰበ ወረደ። ሜርል ግን እግሩን ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ጭማሪ ሰዓቱን መቼ ይጀምራሉ?»

ዌንደል አፉን ከፈተ። ሜርል በሚያውቀው ዓለም ሰው እኩል ለእኩል ሆኖ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አንዱ እስኪሸነፍ ይጫወታል። «አልቋል» ቢለው ሜርል ይነሳል፤ ከተነሳ ደግሞ አይመለስም።

«ትንሽ ያርፋሉ» አለው።

«ይኸውልህ፣ እረፍት ሲኖር ጥሩ ነው።» ሜርል ባዶውን ሜዳ እያየ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ጉልበቴን በኅዳር ኦፕራሲዮን ያደርጉልኛል» አለ። «ሙሉ ማደንዘዣ ነው። አባባ በማደንዘዣ ከተኛበት አልጋ አልተነሳም እኮ፣ ዌንዲ። ለዶሊ ምንም አልነገርኳትም። ሚስት ከነገሯት እንቅልፍ የላትም።»

«እኔ እወስድሃለሁ።»

«መኪናህ እንደ ክለቦችህ መንገድ ላይ እንዳትፈርስ እንጂ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ስለ አባታቸው አወሩ፤ ሽማግሌው በስተመጨረሻ የራሳቸውን ስም ስለመርሳታቸው፣ የሁለቱን ልጆቻቸውን ስም ግን ስላለመርሳታቸው። ይህን ያህል ጊዜ ማስታወቂያ ሳይገባባቸው ተነጋግረው አያውቁም። እታች ሠራተኞች መጥተው መረቡን መፍታት ጀመሩ።

«መረቡን ለምን ያወርዱታል?»

«አልቋላ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ማንም።»

ሜርል ወንድሙን ትክ ብሎ አየው።

«እያወቅህ ነው ጎልተህ ያስቀመጥከኝ?»

«አዎ።»

«ኤዲያ!» ሜርል የወንድሙን ትከሻ ተደግፎ እያቃሰተ ተነሳ። ደረጃውንም እንደተደገፈው ወረዱ። መኪናው ጋ ሲደርሱ፣ «ሁለተኛ አልመጣም» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ጨዋታችሁ ሰው አያስወራም።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ በሰባት ሰዓት እኔ ቤት።»

«እሺ።»

እንደ ስምምነታቸው ዌንደል ነገሩን ዳግመኛ አላነሳበትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካፊያ እየጣለ ብቻውን ተቀመጠ። አንድ ሰው ቢራውን ይዞ መጣና ከዌንደል ጎን ወዳለው ባዶ ወንበር በአገጩ ጠቆመ።

«ሰው አለው?»

«አለው» አለ ዌንደል፤ ጃኬቱንም አውልቆ አኖረበት።