በክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ

እንጨት ቆርጬ፣ መስታወት ገጥሜ ለሰው ፎቶ ፍሬም የምሠራ ሴት ነኝ። ሱቄ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነው። አባቴ መስዑድ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራ ስለነበር መጋዝ የያዝሁት በልጅነቴ ነው። ሴት ልጅ ምን አናጢነት አላት ሲሉኝ የነበሩ ሁሉ ዛሬ የልጆቻቸውን የምረቃ ፎቶ ይዘው እኔው ጋ ይመጣሉ። እሰይ፣ ይምጡ!

ጋሽ አንዳርጋቸው ግን ያመጡት ፎቶ አልነበረም። የሹም አቦ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል መካኒክ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ሲጠግኑ ነው፤ ወሬ አይወዱም። ሚስት አላገቡም። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሰው ሁለተኛ አልደገመውም።

ከካርቶን ውስጥ ትልቅ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ሰማይ ነው፣ መሐሉ ላይ አንዲት ኤፍ ፋይቭ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ከፊቷ ጭስ እየተፋ የሚሸሽ ሚግ። ዓምደ ሚካኤል የሚባል የቢሾፍቱ ሠዓሊ የሶማሊያን ጦርነት አብራሪዎች እየሳለ መቶ መቶ ቅጂ ብቻ ያሳትማል አሉኝ። በሕይወት ያሉት ከሥር በእርሳስ ይፈርሙበታል፤ ሰብሳቢዎችም ይሻሙበታል። የሳቸው አርባ ሦስተኛው ቅጂ ነው፣ የድሮ ጓዶቻቸው የላኩላቸው። ከሥሩ «ሻምበል ገብረ ክርስቶስ» ተብሎ ታትሟል፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«የኔ አብራሪ ነው» አሉ። «አውሮፕላኗን የማዘጋጅለት እኔ ነበርሁ። ስልሳ ዘጠኝ ሐምሌ ላይ ወጥቶ አልተመለሰም። አንበሳሜ እህት አለችው፤ ለሷ ነው የምሰጠው።»

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ክንፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ከተገጠመው ሚሳይል ሥር አንዲት ቀጭን ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥላለች።

«ታምራለች» አልሁ። ወይ የኔ አፍ!

ፊታቸው አመድ መሰለ። ለካ ያቺ ጨርቅ የሚሳይሉ መቆለፊያ ፒን ላይ የምትታሰር ናት። አውሮፕላኗ ከመነሣቷ በፊት መካኒኩ ፒኑን ነቅሎ ለአብራሪው ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ አብራሪው አይቶ አውራ ጣቱን ያነሣል፣ ከዚያ ይሄዳል። ፒኑ ካልተነቀለ ሚሳይሉ አይተኮስም።

«ይህ ሥዕል ምን እያለ እንደሆነ ገባሽ?» ብለው ጮኹ። «መካኒኩ ባዶ እጁን ሰደደው እያለ ነው! እኔን ነው!»

ንዴቴ መጣ። ካርቶኑ ላይ በነበረው ስልክ ቁጥር ደውዬ ሠዓሊውን አፋጠጥሁት። ልጁ ደነገጠ። «ወይኔ! መሬት ላይ የቆመች አውሮፕላን ፎቶ አይቼ ነው የሳልኩት፤ ጨርቋ ቀለሟ ደስ ብሎኝ ተውኳት። ጋሼን ይቅርታ በይልኝ» አለ።

«አዩ? የሱ ስህተት ነው። አለቀ!» አልኋቸው።

የት ያልቃል! ጋሽ አንዳርጋቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሐፍሳ፣ ሌላውን ጠዋት ሁሉ አስታውሳለሁ። ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ሞተሩ ሲነሣ ያፏጫል፤ ድምፁ አይሰማም፣ ከንፈሩን ነው የማየው። ያንን ጠዋት ግን አላስታውሰውም። እጄ የለመደውን ሠርቷል። ነቅዬዋለሁ እላለሁ፤ ስነቅለው ግን አይታየኝም።» መነጽራቸውን አወለቁና «ናፍቆኛል» አሉ። «አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ናፍቆኛል። ቤተሰቡ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

አንበሳሜ እኮ ሚኒባስ ተይዞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚኬድበት ነው፤ እሳቸው ግን አንድ ጊዜም አልሄዱም። ወላሂ፣ አንጀቴን በሉኝ። ጨርቋን በቀለም ላጥፋልዎት ብላቸው እንቢ አሉ፤ እንዳለች ትሁን አሉኝ። ሥዕሉን ፍሬም አስገባሁት። በማግሥቱ ጭኔ ላይ አድርጌው አብሬያቸው ሄድሁ፤ ብቻቸውን ብለቃቸው ከመናኸሪያው እንደሚመለሱ አውቄዋለሁ።

እህትየው ወይዘሮ ጽጌ ገበያው አጠገብ እህል ይሸጣሉ። ጋሽ አንዳርጋቸው ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። ማን እንደሆኑ ተናገሩ፣ ጨርቋን በጣታቸው አሳዩ፣ ለኔ ያሉትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ደገሙት። «ነቅዬው እንደሆነ አላውቅም። ይህን ሳልነግርዎ ሥዕሉን ብሰጥዎ ውሸታም እሆናለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ጽጌ የወንድማቸውን ስም በመስታወቱ ላይ በጣታቸው ዳበሱ።

«ነቀሉት አልነቀሉት እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉ። «ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ግን አንዳርጋቸው እንዲህ አለ፣ አንዳርጋቸው እንዲህ አደረገ ይለን ነበር። ሲሞት መሞቱን ነገሩን፤ እዚያ እንዴት እንደኖረ የነገረን ሰው የለም። እናቴ "ያ አንዳርጋቸው የሚለው ልጅ ይመጣል፣ እሱ ያጫውተኛል" እያለች ደጅ ደጁን ስታይ አረጀች። ደጅ ሰው ሲጣራ ቀድማ የምትነሣው እሷ ነበረች።»

«አሁን የት ናቸው?» አሉ ጋሽ አንዳርጋቸው።

«አምና ኅዳር ላይ ዐረፈች።»

ያ ረቢ! እኔ መግቢያ አጣሁ። ጋሽ አንዳርጋቸው ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። «አምና?» አሉ። «አምና እኮ ባሕር ዳር ነበርሁ።»

ወይዘሮ ጽጌ አልተቆጧቸውም። በርጩማቸውን ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። «በሉ አሁን ይንገሩኝ፣ እኔ ልስማላት። ልጅ ነበርሁ፤ ድምፁን እንኳ ረስቼዋለሁ።»

«ድምፁ ወፈር ያለ ነበር» አሉ ጋሽ አንዳርጋቸው፤ ከዚያ በላይ ሳይናገሩ እንባቸው ቀደማቸው።