ከቅድስት እሌኒ ደሴት የመጣችው እንግዳ

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ ነው። አሁንም ሥራ ቦታ «ለመስክ የሚሄድ ሰው ተፈልጓል» ሲባል አንገቴን እደፋለሁ። ለአንድ ሌሊት ብዬ ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ፣ ሜዳው ሰፊ ሰማዩም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ የታሰርኩ ያህል የታፈንኩበት ሳምንት ስለሆነ አልረሳውም።

እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ያኔ ልጄ ናቲ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር፤ ጡት ይጠባል። ስለ ንብ እርባታ ልምድ ልትለዋወጥ የመጣች አንዲት የውጭ አገር እንግዳ፣ መርጡለ ማርያም አካባቢ ያሉ ቀፎዎችን ልትጎበኝ ቀጠሮ ከተያዘላት በኋላ አስተርጓሚው ታመመ። ሌላ ሰው ጠፋና እኔ ተለመንኩ። እንቢ ማለት አልችልበትም፤ ዕዳዬ ይሄ ነው። ወተቴን አልቤ በጡጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ናቲን ለታናሽ እህቴ ለፍሬ ትቼ፣ እንዳያለቅስብኝ ተኝቶ ሳለ ወጣሁ።

እንግዳዋ ጆይስ ትባላለች። ሃምሳውን አልፋለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በእንግሊዝኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ አንቺ እንዳልኳት ቀረሁ። የመጣችው ከሴንት ሄለና ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ያለች፣ እንግሊዝ የምታስተዳድራት ትንሽ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሠራላቸው በፊት ከዓለም ጋር የሚያገናኛቸው አንድ መርከብ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ነፋስ ሲበረታ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ይመለሳል አለችኝ። ደሴቷ ራሷ ከባሕር የወጣች ገደላማ ተራራ ናት። በመኪናው መስኮት የጎጃምን ደጋ እያየች፣ እኛ ጋ ይህን ያህል ብንነዳ ባሕር ውስጥ እንገባ ነበር ብላ ሳቀች።

መርጡለ ማርያም አጠገብ ያስተናገዱን እማማ የሺ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ ብዙ ቀፎ አላቸው። እንግዳዋን ሳስተዋውቅ ሴንት ሄለናን ተረጎምኩና «ከቅድስት እሌኒ ደሴት የመጣች ናት» አልኳቸው። ባልተረጎምኩት ኖሮ! የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ስለሆነች፣ በዚያ አገር እሌኒ የሚለው ስም እንደ ዋዛ የሚጠራ አይደለም፤ በዚያ ላይ መስቀል ማለፉ ገና ሳምንቱ ነው። እማማ የሺ ብድግ ብለው «እማሆይ» አሏት፤ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ጆይስ ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

መነኩሲት እንዳልሆነች፣ ባል አግብታ ልጅ እንደወለደች ነገርኳቸው። አልተቀበሉኝም። እሳቸው የሚያውቁት ደሴት የጣናን ነው።

«ገዳም ካልሆነ ደሴት ላይ ሰው ምን ይሠራል?» አሉኝ። «ዓለምን ንቆ ካልሆነ በቀር ውሃ መሀል ማን ይገባል?»

ይህን ለጆይስ ስተረጉምላት፣ እኔ ዓለምን የናቅሁ አይደለሁም፤ እዚያው ተወልጄ ነው አለች። እማማ የሺ ግን እማሆይ ማለታቸውን አልተዉም።

ያን ዕለት ማታ መስከረም ሊያልቅ ነው የማይባል ዝናብ ወረደ። ጠዋት ልንመለስ ስንነሣ ሾፌራችን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የመጣንበትን ድልድይ ደራሽ ውሃ አንድ ጎኑን ወስዶታል። በሌላው አቅጣጫ ያለው መንገድ በጭቃ ተይዞ መኪና አያሳልፍም። መብራቱም ኔትወርኩም አብሮ ጠፍቷል። ፍሬ ደውላ ደውላ ስልኬ ሲዘጋባት ታየኝ። ያስቀመጥኩት ወተት የአንድ ቀን ነው። የቆርቆሮ ወተት ናቲ ከዚያ በፊት ሞክሮ ተፍቶታል።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ጡቴ ተወጥሮ ቀሚሴ ራሰ። እማማ የሺ አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ ጓዳ አስገብተው ንጹሕ ስኒ ሰጡኝ። ካላለብሽው ይደርቃል፤ ጠዋት ማታ አታቋርጭ አሉኝ። ልጄ በረሃብ እያለቀሰ ይሆናል፤ እኔ ወተቱን ስኒ ውስጥ አልቤ እደፋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከእማማ የሺ ደጃፍ ሆኖ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከማዶ ደግሞ ዳገቱን ይወጣና ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ይሰወራል። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ቆሜ እሱን አያለሁ። የእማማ የሺ ትልቁ ልጅ ደሳለኝ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ፣ ጠዋትና ማታ ወንዙ ድረስ ወርዶ የውሃውን ነገር አይቶ ይመጣል። እኔም አብሬው ወርጃለሁ። ውሃው ግንድ ይዞ ነበር የሚሄደው።

በጆይስ ላይ የተናደድኩት ያኔ ነው። ጭንቅ የሚባል ነገር አልታየባትም። ቀፎዎቹን እየዞረች ታያለች፤ ውሃው ሲጎድል ይጎድላል ትለኛለች። እንዴት እንዲህ ትሆኛለሽ ብላት፣ እኛ መውጫ እንደሌለ እያወቅን ነው የምናድገው፣ መርከብ የሚመጣው ሲመጣ ነው አለች። እናንተ እኮ ቢያንስ መንገድ ታያላችሁ አለችኝ።

«መንገዱን እያዩ አለመሄድ ይብሳል» አልኳት። «ባሕር ቢሆን ቁርጤን አውቄ እቀመጥ ነበር።»

 እማማ የሺ ምን ተባባላችሁ ብለው ስነግራቸው ያዘኑት ለእሷ ነው። ሰው ሲሞት ለዘመድ በምን ይነገራል ብለው አስጠየቁኝ። ጆይስ፣ ድሮ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ሲሞት ብዙ ጊዜ ከተቀበረ በኋላ በመርከብ በሚመጣ ደብዳቤ ነበር የምንሰማው አለች። እማማ የሺ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ልቅሶ ሳይደርሱ መኖርን ያህል ግዞት አልታያቸውም።

ቀን ቀንን ወለደ። የማልበው ወተት እያነሰ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስኒው ግማሽ እንኳ አልሞላ ብሎኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ ደሳለኝ ከወንዙ ተመለሰ። ከአጥሩ ሳይገባ «የሺ፣ ዛሬም አልጎደለም!» ብሎ ተጣራ።

ጆይስ ቀና አለች። ቃሉን ለምዳዋለች፤ ስም መሆኑን ታውቃለች። ይህ ሰውዬ ባላቸው ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ልጃቸው ነው አልኳት። ታዲያ ለምን በስማቸው ይጠራቸዋል አለች። እዚህ ብዙ ሰው እናቱን በስሟ ነው የሚጠራት፤ እኔም እናቴን በስሟ ነው የምጠራት ብዬ መለስኩላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

 ጆይስ ወደ እኔ ሳታይ የራሷን ታሪክ ነገረችኝ። በሃያ ሁለት ዓመቷ የአሥር ወር ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ሌላ ደሴት ላይ ወጥ ቤት ልትሠራ ሄዳለች። በአገሯ ሥራ ስለሌለ ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ወተቷ መርከብ ላይ ደረቀ። ሁለት ዓመት ሠርታ ስትመለስ እናቷ ልጅቷን ይዛ ወደብ ቆማለች። ናፍቆቷን መቻል አቅቷት ሮጣ ከእናቷ እጅ ነጠቀቻት። ልጅቷ ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቷን ማሚ፣ እሷን ጆይስ ትላለች።

«አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ጆይስ ነው የምትለኝ። በጠራችኝ ቁጥር ጥለሽኝ ሄድሽ የምትለኝ ይመስለኛል።»

ተረጋግታ የኖረች የመሰለችኝ ሴት ለካ ይህን ይዛ ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ ስለ እሷ ማዘን አልቻልኩም። አሥር ወር ስትል የናቲን ዘጠኝ ወር እያሰብኩ ማልቀስ ጀመርኩ። እማማ የሺ መሀላችን መጥተው ቁጭ አሉና «ምን ብላሽ ነው የምታለቅሽው? ንገሪኝ እንጂ» አሉኝ። እያለቀስኩ ተረጎምኩላቸው። ጨርሼ ዝም ስል አሁንም ይጠብቃሉ።

«እሽ፣ ከዚያስ?» አሉ።

አለቀ እኮ አልኳቸው። በስሟ ነው የምትጠራት፤ እሱ ነው ሐዘኗ።

እማማ የሺ ጆይስን አዩ፤ እኔን አዩ። የምናሾፍባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

«የኔስ አምስቱም የሺ አይደል የሚሉኝ? እማ የሚሉት እናቴን ነበር፣ ነፍሷን ይማረው። ባሌ እንደሁ አንች ሲለኝ ኑሮ ሞተ። ስሜን ልጆቼ ባይጠሩት ማን ይጠራው ነበር?»

ይህን ተረጎምኩላት። ጆይስ ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ተነሥታ ወደ ቀፎዎቹ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታን ለረጅም ጊዜ ቆመች። እማማ የሺ ምነው ክፉ ተናገርኩ ብለው ተጨነቁ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እማማ የሺን አቅፋ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

ለእሷ መድኃኒት የሆናት ነገር እኔን አላዳነኝም። የኔ ልጅ ገና ስም መጥራትም አልጀመረም፤ እኔን ግን ሊረሳኝ ይችላል። ያን ዕለት ጆይስ አጠገቤ ተቀምጣ ስኒውን ይዛልኝ፣ ስትደርሺ አትንጠቂው አለችኝ። የፈለገ ቢጨንቅሽ ተቀመጪ፣ እሱ ይምጣ አለችኝ። ይህን ምክር አሁንም አመሰግናታለሁ።

ውሃው የጎደለው ሳምንት ሊሞላን ሲል ነው። ሾፌሩን ከመኪናው ጋር ትተን፣ ደሳለኝና ሌሎች የመንደሩ ወንዶች እጃችንን ይዘው እስከ ወገባችን በሚደርስ ውሃ አሻገሩን። እማማ የሺ ወንዙ አፋፍ ድረስ ሸኝተውናል። ጆይስን «እማሆይ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» አሏት። ተረጎምኩላት። እሺ፣ አስብዎታለሁ አለች፤ ከዚያ በኋላ መነኩሲት አይደለችም ብዬ የምከራከርበት ምክንያት አልታየኝም። ከማዶ ባገኘነው መኪና ደብረ ማርቆስ ገባን።

ናቲ ከፍሬ ጭን ላይ ነበር። ከስቷል። የቆርቆሮውን ወተት በማንኪያ በማንኪያ አስለምዳው ነው የሰነበተችው፤ እሷም ዓይኗ ጎድጉዷል። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን አንገቷ ሥር ደበቀ።

እጄ ሊዘረጋ ሲል መለስኩት። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ጭቃዬን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሬ እንኪ ውሰጂው ስትለኝ ተይው አልኳት። ያበድኩ መስሏት ነበር። ከወንዙ ማዶ ከቆየሁበት ሳምንት ይልቅ ያ መቀመጥ ከበደኝ። ልጄ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ መካከላችን ውሃ የለም፤ ግን አልሄድም። አንድ ጊዜ ያየኛል፤ ደግሞ ይደበቃል። በመጨረሻ ከፍሬ ጭን ወረደና እየዳኸ መጣ። መጀመሪያ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ነካ፤ ከዚያ ቀሚሴን ጎተተ። ወተቱ ጥቂት ነበር፤ እሱ ግን መጥባቱን አልተወም።

ናቲ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ፍሬን እማ ይላታል፤ እኔን በስሜ፣ መሲ። በሰፈራችን ይህ ማንንም አይገርምም፤ እኔም በቀን ሃያ ጊዜ አቤት እላለሁ። ግን ከሃያው አንዱ ላይ ያች ሳምንት ትመጣብኝና ልቤ ስንጥቅ ይላል። ለጆይስ ይህን ጽፌላት ነበር። እሷም ልጇ ስትደውልላት አሁን ሳትሸማቀቅ እንደምታነሣ ጻፈችልኝ።

በቅርቡ ከመዋዕለ ሕፃናት ላመጣው ሄድኩ። በር ላይ የነበረችው መምህርት አዲስ ናት፤ አታውቀኝም። ልጁን ለማያውቁት ሰው ላለመስጠት ጎንበስ ብላ ይህች ማን ናት ብላ ጠየቀችው። መሲ ናት አላት። መሲ ማን ናት፣ እናትህ ናት ወይስ አክስትህ አለችው። ናቲ ጥያቄው አልገባውም። እኔን አየኝ፤ እሷን አያት።

«መሲ የኔ ናት» አለ።

መምህርቷ ሳቀችና እጁን ለቀቀችው። ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ድረስ እንባዬን ይዤ ቆየሁ።