ሳቅ ጨማሪው

በቴሌቪዥን ጣቢያው ሳቂታው እያሉ ይጠሩታል፤ ለማሾፍ ነው እንጂ ጥርሱን ያየ ሰው የለም። ሥራው ግን ሳቅ ነው። ኮሜዲ ተቀርጾ ሲመጣለት ጠባቧ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥና ቀልድ ባለበት ቦታ ሁሉ የተመልካች ሳቅ ይጨምርበታል። ድሮ ከአዳራሽ የተቀዳ ሳቅ ሞልቶታል፤ ከት የሚለው፣ እንክትክት የሚለው፣ ትን እስኪለው የሚስቀው ሳይቀር። በሰው ሳቅ ልጆች አሳደገ።

ሳቅ ከሚጨምርላቸው አንዱ፣ ዝነኛው ኮሜዲያን ሲሞት ታዲያ አገር ምድሩ አለቀሰ። ጥርስ የማያስከድን ሰው ነበራ። ጣቢያውም የድሮ ቀልዶቹን ጠዋት ማታ ያሳይ ጀመር። በስተርጅናው የሠራውን ግን ያነሳው የለም። "አረጀ፣ ቀልዱ አለቀበት" ብለው በቁሙ የቀበሩት አለቆች፣ ዛሬ ጥቁር ለብሰው ስለ እሱ ይተርካሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከቀብሩ በኋላ የኮሜዲያኑ ልጅ ሳቂታው ክፍል ድረስ መጣች። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ያመጣት አባቷ መጨረሻ ላይ የሠራው አጭር ድራማ ነው። ድራማው ላይ አባቷ የሚጫወተው አንድ ሽማግሌ አኩርፋው የሄደች ልጁን ሲጠብቅ ይውላል። ያኔ እሷም ከአባቷ ጋር ተኳርፋ ነበር። ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን ስታየው ሕዝቡ በሽማግሌው ይንከተከታል። አባቴ ገመናዬን አውጥቶ መሳቂያ አደረገኝ ብላ ቆረጠች፤ እስኪሞት ድረስ ደጁን አልረገጠችም። ሳቁ ጣቢያው የጨመረው መሆኑን የአባቷ ጎረቤት የነገረቻት ገና አሁን፣ ለቅሶው ላይ ነው።

"ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ወንበሩን ይዞ የሚናገራት ነገር አለች" አለችው። "ሳቁ ውጧት አልሰማኋትም። እሷን ያሰሙኝ።"

ሳቂታው ሳቅ ያልገባበትን ቅጂ ፍለጋ መጋዘኑን አተራመሰው። ካሴቱንስ አገኘው፤ ሲከፍተው የኳስ ጨዋታ ነው። ካሴት ያጠረ ጊዜ ደምስሰው ቀድተውበታል። የቀረው እሱ ራሱ ሳቅ የጨመረበት ብቻ ነው። ንግግሩና ሳቁ አንድ ላይ ስለተቀዱ፣ ሳቁን ልቀንስ ሲል የሰውየውም ድምፅ አብሮ ይጠፋል።

የሆነው ይሁን ብለው ከመጀመሪያው አንሥተው አብረው አዩት። ሽማግሌው ሁለተኛዋን ወንበር በእጅጌው ይጠርጋል። ኮቴ በሰማ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ኮቴው ያልፋል፤ እሱም ለመነሣቱ ሰበብ ፈልጎ ምንም ያልሆነውን መጋረጃ ያስተካክላል። እዚህ ላይ ሳቁ ከት ይላል። ሳቂታው አፈረ። ያን ሁሉ ጊዜ እያመላለሰ ሲያየው ሰውየው ምን እየሠራ እንደሆነ ልብ አላለም። በጉብዝናው ጊዜ ሰው ለማሳቅ ይንከባለል የነበረ ሰው፣ እዚህ በመነሣትና በመቀመጥ ብቻ አንጀት ይበላል። የድሮ ቀልዱ ሁሉ ተደምሮ ይህችን አያክልም፤ ሳቂታው ደግሞ በገዛ እጁ አበላሻት።

መጨረሻው ደረሰ። ሽማግሌው ወንበሯን ወደ በሩ አዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ ሳቁ ፈነዳበት።

"እርስዎ ግን ያኔ ሰምተውታል" አለች ልጅቷ። "ሳቁ ሳይገባበት። ምን ነበር ያለው?"

"ይቅር በይኝ ነው ያለው" ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ይመሰክርበታል? ሳቁን የት ላይ እንደጀመረው፣ የት ላይ እንዳበረደው አሳምሮ ያስታውሳል። ቃሉ ግን የለም። ጥርስ ባዳ ነው፣ ዘመድ ሲሞት ይስቃል ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ከጥርስም ባሰ።

"ልጄ፣ አልዋሽሽም" አላት። "እኔ የማዳምጠው ሳቁን የት እንደምጨምር ነበር። እሱ ያለውን አልሰማሁትም።"

ልጅቷ የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

"እንግዲያው ድምፁን ያጥፉትና ይድገሙልኝ። አፉን ልየው።"

አጠፋው። ሽማግሌው ወንበሯን አዞረ፣ አፉ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷም ከንፈሯን እንደ እሱ እያንቀሳቀሰች ቃሉን ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ሳቂታው ደገመላት፤ አሁንም ደገመላት።