የለችም ያሉኝ ሰሞን

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለው የአበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ የገባሁ ዕለት፣ ከእድራችን አባላት አንዷ እኔን ስታይ የያዘችው የሽሮ ላስቲክ ከእጇ ወደቀ። እሷ ክው አለች፤ እኔም ክው አልኩ። በእኛ ዘንድ ሰው እንዲያ ደንግጦ የሚያየው መርዶ የደበቀበትን ሰው ነዋ!

«በማን ነው? እናቴ ናት?» ብዬ ሱቁ መሐል ጮህኩ።

«ኧረ በስመ አብ! አንቺ አልሄድሽም እንዴ?»

«የት ነው የምሄደው?»

«ካናዳ ነዋ! ፕሮሰሷ አልቆ በረረች ተባለ እኮ።»

ናይሮቢ ላይ አበሻ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ዛሬ ምሳ አብሮን የበላ ሰው ወደ ውጭ የመሄጃ ፕሮሰሱ ያልቅለትና፣ የሰው ዓይን ፈርቶ ለማንም ትንፍሽ ሳይል በሳምንቱ ይበርራል። ስልኩ ይዘጋል፤ እኛም «ወጣ» ብለን እንተወዋለን። እኔ ግን ፕሮሰስ የሚባል ነገር የለኝም። ጊጊሪ ላለ መሥሪያ ቤት አስተረጉማለሁ፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ የትም ለመሄድ አላሰብኩም። ያን ወር ሙሉ ሰሜን ኬንያ አንድ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሳስተረጉም ከርሜ ገና መመለሴ ነበር። እዚያ ስልኬ ኔትወርክ አያገኝም፤ ኢሜይሌን ግን በቢሮው ኢንተርኔት በየቀኑ አነብ ነበር።

ሴትየዋ ሽሮዋን አንስታ ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣችው። የቅርብ ጓደኛዬ እናት አገር ቤት አርፈዋል። መርዶው ተነግሯት፣ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ተነስታለች። እድራችን ለመርዶ የሚጠራራው በኢሜይል ነው። የስልክ ግሩፑን የተውነው አንዱ ችኩል «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎበት፣ ሐዘንተኛው ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ የአባቱን ሞት ከስልኩ ካነበበ ወዲህ ነው። አሁን ጸሐፊው የሐዘንተኛውን አድራሻ ከዝርዝሩ ያወጣና ለቀረነው «ነገ ሳይነጋ በሯ ላይ እንገናኝ» ብሎ ይልካል። ለእኔም ልኮ ነበር፤ «እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም» የሚል መልስ ይዞ ተመለሰበት። ቢደውል ደግሞ ስልኩ በስዋሂሊ «ደንበኛዋ አልተገኘችም» አለው።

«ሁለቱ ሲገጥም ጊዜ፣ ወጣች አልን» አለችኝ። «ጓደኛሽም ይህንኑ ሰማች።»

ጓደኛዬን አውቃታለሁ፤ ይህን ካመነች ከልቧ ትቀየማለች። እናቷ ለዓይን ሕክምና ናይሮቢ መጥተው ሳለ ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። ሙዚቃ በሚጮህበት ሚኒባስ፣ ማታቱ ላይ ስናሳፍራቸው «ይቺ የምትዘፍን መኪና መጣች» እያሉ ያስቁን ነበር። ልጄ ይሉኝ ነበር። እኚህ ሴት ሞተው ሳልደርስ ቀርቼ፣ ጭራሽ ልጃቸውን ሳልሰናበት የኮበለልኩ ተደርጌ ተወራብኝ። ያቺን ጓደኛ በማሽን ወሬ አላጣትም አልኩ።

ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ ለጸሐፊው ደወልኩ። ጡረታ የወጣ የአየር መንገድ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፤ ደንብ ላይ ግን ድርቅ ይላል።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ብልክልሽ ማሽኑ የለችም አለ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ የኢሜይሉ አገልግሎት ራሱ ወድቆ ነበር!»

ያን ቀን አልረሳውም። ካምፑ ቢሮ ውስጥ የላክነው ሁሉ አልሄድ ብሎ፣ ግማሹም እየተመለሰ ስንበሳጭ ዋልን። ማታ ተስተካከለ ሲባል ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ አላለቀም። አገልግሎቱ ሲታመም «አሁን አልችልም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ» ቢል ኖሮ፣ የላኪው ማሽን ደጋግሞ ሞክሮ መልእክቱን ያደርስልኝ ነበር። በሩን ዘግቶ የሄደን ሰው ቆይተን ተመልሰን እንደምናንኳኳለት ማለት ነው። እሱ ግን ሲወድቅ እየቃዠ «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም» አለ። ጎረቤት እንዲህ ካለ ማን ተመልሶ ያንኳኳል? የእድሩ የኢሜይል ፕሮግራምም አምኖ ስሜን ከዝርዝሩ ሰረዘው። አገልግሎቱ ከዳነ በኋላ እንኳ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ ጸሎቱ መቼ እንደሆነ የተላከው ሁሉ ለእኔ አልተላከም።

ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ሰማኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፦

«ይገባኛል። ቢሆንም መርዶው ላይ ቀርተሻል፤ ደንብ ደንብ ነው። በሚመጣው ስብሰባ ተነስተሽ ይቅርታ ብትጠይቂ ያልቃል» አለ።

«አልጠይቅም!» ስል መንገድ ዳር ደንበኛ የሚጠብቅ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ዞሮ አየኝ። «ይቅርታ የሚጠይቅ የበደለ ነው። ቤቴን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው መጥቶ ቢያንኳኳ አከራዬ ካምፕ መሄዴን ትነግረው ነበር። ስንት ዓመት በየለቅሶው ድንኳን አብሬያችሁ ተቀምጬ፣ ማሽን የለችም ሲላችሁ አሜን ትላላችሁ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው… ግን ደንቡ…»

በትልቅ ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው። ዘጋሁበት። ይቅርታውንም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ከዚያው በቀጥታ ላቪንግተን ሰፈር ጓደኛዬ ያለችበት አፓርታማ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አዲስ ነው፤ አያውቀኝም። ስሜን ጠይቆ በበሩ ስልክ ወደ ላይ ደወለ። ያነሳችው የጓደኛዬ ልጅ እንደነበረች በኋላ ነው የሰማሁት። ትንሽ አዳመጠና ስልኩን አስቀመጠ።

«ማማ፣ ዋናሴማ ሁዮ አሊሳፊሪ። ፖሌ ሳና።»

ያቺ ሴትዮ ተጉዛለች ይላሉ፣ ይቅርታ፣ ማለቱ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሜ! በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የለሽም ተባልኩ። ደሜ ፈላ። ማሽኑን ባላገኘው፣ ይሄን በር ግን አገኘሁት። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና፣ በዚያ ውሻ እንኳ ቀስ ብሎ በሚጮህበት ሰፈር፣ ድምፄን ለቀቅኩት።

«እናቴ! ወይኔ እናቴ! ሳልደርስልሽ!»

«ማማ፣ ታፋዳሊ! ኩና ኒኒ?» ዘበኛው እባክሽ፣ ምን ሆንሽ እያለ እጁን ያርገበግባል። መስኮቶች ተከፈቱ፤ ሰዎች በረንዳ ላይ ወጡ። ይውጡ። እኔ በለቅሶ አልታማም፤ ደረቴን እየመታሁ ቀጠልኩ።

«ሄዳለች ቢሉሽም እዚሁ ነው ያለሁ፣
በርሽን ክፈቺው አልቅሼ እገባለሁ!»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መጋረጃ ተገለጠ። ወዲያው ከደረጃው የሩጫ ድምፅ ተሰማ። ጓደኛዬ በጥቁር ልብሷ፣ በባዶ እግሯ መጣች፤ ልጅቷ ከኋላዋ «ማሚ፣ ዌይት!» እያለች ትከተላለች። ዘበኛው በሩን ከፈተ። ጓደኛዬ አላቀፈችኝም፤ መጀመሪያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እውነት እኔ መሆኔን አየች።

«ሄደሻል አሉኝ እኮ» አለች። «ሁለት ለቅሶ ነው የተቀመጥኩት። አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ላንቺ።»

እንባዬ ያን ጊዜ ነው የእውነት የመጣው።

«የእናታችንን አሁን አብረን እናለቅሳለን» አልኳት። «ለእኔ ያፈሰስሽውን እንባ ግን መልሺ። የትም አልሄድኩም።»